ከአንባቢያን ለፋርማሲስቷ፦ «የቻይናው መድኃኒት ሪሁን አስታገሰልኝ፤ አሎፑሪኖሉን ልተወው?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ሪህና ስለ ቻይና ባህላዊ መድኃኒት የሚጠይቁ ናቸው። ጉዳያቸው የተያያዘ ስለሆነ ዓምዱን ሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው። ሪህ ከያዘኝ ቆይቷል። ሲነሳብኝ የግራ እግሬ አውራ ጣት ቀልቶ ያብጣል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ አልችልም። ሐኪሜ ያዘዘልኝን አሎፑሪኖል እወስድ ነበር። ባለፈው ሲነሳብኝ ቻይና የኖረ ወዳጄ የቅጠላ ቅጠል እሽግ ሰጠኝ። እያፈላሁ ስጠጣው በሳምንት ውስጥ እብጠቱም ሕመሙም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አሎፑሪኖሉን ትቼ እሱን ብቻ ነው የምጠጣው። ወዳጄ «ይኼ ከሥሩ ነው የሚነቅለው» ይለኛል። እውነት ነው? እሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ስለሆነ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሕመሙ ስለተወዎት ደስ ብሎኛል፤ አሎፑሪኖሉን ማቆምዎ ግን አሳስቦኛል።

ፎቶው ጥርት ብሎ ስለወጣ ስሞቹን አንብቤያቸዋለሁ። ፋርማሲ የተማርኩት ቻይና ነው። በሆስፒታሉ የዕፀዋት ክፍል ተመድቤ ከግድግዳው መሳቢያዎች እያወጣሁ በእጅ ሚዛን ስመዝን ስለነበር ብዙዎቹን በመልካቸውም አውቃቸዋለሁ። እሽግዎ ውስጥ ያለው ደማቅ ቢጫ ልጥ ሁዋንግ ባይ ይባላል፤ ሲነኩት ጣት ያቀልማል፣ ምሬቱም በቀላሉ ከአፍ አይወጣም። ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት የሥር ክትፍ ፃንግ ዡ ነው። ኒው ሺ የሚባል ሌላ ሥር አለበት፤ መሐሉ ስርጉድ ያለው ነጭ ፍሬ ደግሞ ዪ ዪ ሬን ነው። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሲ ሚያው ይባላሉ፤ ቻይና ውስጥ ለሪህ በብዛት ከሚታዘዙት ቅመሞች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያዋሃደው በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ሐኪም ዡ ዳንሺ (1281–1358 እ.ኤ.አ.) እንደሆነ ይነገራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከዘመናት በኋላ ነው የተጨመሩት። አምስተኛው ቱ ፉ ሊንግ ነው፤ እሱንም ለሪህ ያዙታል። ስድስተኛም አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ቀልቶ፣ አብጦ፣ የሚያቃጥለውን ሪህ «እርጥበትና ሙቀት ተዋህደው ወደ ታች ወርደዋል» ብለው ይተረጉሙታል። ምላስ ያያሉ፣ የደም ሥር ትርታ ያዳምጣሉ። የምላሱ ሽፋን ቢጫና ዝልግልግ ከሆነ፣ ትርታውም ከፈጠነ፣ ሙቀቱን አብርዶ እርጥበቱን የሚያስወጣ ቅመም ያዛሉ፤ ሲ ሚያው እዚህ ውስጥ ይገባል። ሕመሙ በብርድ ለሚብስበት ወይም እባጩ ለደረቀበት ሰው የሚታዘዘው ሌላ ነው። እንግዲህ በራሳቸው በቻይናውያኑ ሕግ እንኳ፣ ማንም ሳያይዎት ከወዳጅ የተቀበሉት እሽግ ለእርስዎ የታዘዘ መድኃኒት አይደለም።

አስታግሶልዎት ይሆን? ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሪህ ሕመም ሲነሳ በአንድ ቀን ውስጥ ጣራ ይነካና ምንም ባይወስዱበትም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። በዚያ ሳምንት የጠጡት ነገር ሁሉ፣ ንጹሕ ውሃም ቢሆን፣ ፈውስ ይመስላል። ለዚህ ነው ለሪህ «ፍቱን» የተባለ መድኃኒት ቁጥር ስፍር የሌለው።

«ከሥሩ ይነቅለዋል» የሚለውን ግን አልቀበልም። የሪህ ሥሩ ዩሪክ አሲድ ነው። ሻይ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ሳይሟሟ ከታች እንደሚዘቅጠው፣ በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድም በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል እየሆነ ይቀመጣል። ሕመሙ የሚነሳው የሰውነት መከላከያ ያንን ክሪስታል ሲያጠቃው ነው። ሕመሙ ሲጠፋ ክሪስታሉ እዚያው ነው ያለው። አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲዱ ሲመረት ከምንጩ ይቀንሰዋል፤ ቁጥሩ ከ6 በታች ወርዶ ሲቆይ ክሪስታሉ ቀስ በቀስ እየሟሟ ይሄዳል። ይህ ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው። እርስዎ ያቆሙት ይህንን ሥራ ነው።

ብዙ ሰው አሎፑሪኖልን የሚጠላበት አንድ ምክንያት አለ፤ ሐኪሞች ሁልጊዜ አስቀድመው ስለማይነግሩ እኔ ልንገርዎ። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ እንዲያውም ደጋግሞ ሊነሳ ይችላል። ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር መገጣጠሚያውን ይቆሰቁሰዋል። ስለዚህ ነው ከአሎፑሪኖሉ ጋር ኮልቺሲን የሚባለው የሪህ ማስታገሻ በአነስተኛ መጠን ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚታዘዘው።

አሁን ወደ ስድስተኛው። እሽግዎ ላይ «ፋንግ ጂ» የሚል ተጽፏል። ፋንግ ጂ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዝ የታወቀ ሥር ነው፤ ተቆርጦ ሲታይ ከመሐሉ ወደ ዳር የሚወጡ መስመሮች አሉት። ችግሩ ጓንግ ፋንግ ጂ የሚባል፣ በስምም በመልክም የሚቀርበው ሌላ ሥር መኖሩ ነው። በዚህኛው ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለ፤ ኩላሊትን ያጠፋል፣ የሽንት መተላለፊያ ካንሰርም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፀዋት የተሰጣቸው ሴቶች ኩላሊታቸው ሲደክም ሐኪሞች ምክንያቱን ፈለጉ። በፋንግ ጂ ስም ጓንግ ፋንግ ጂ ገብቶ ነበር። የተጎዱት ሴቶች ቁጥር ኋላ ከመቶ በላይ ሆነ፤ ከፊሎቹ በኩላሊት እጥበትና በንቅለ ተከላ ነው የተረፉት። ዛሬ ቻይና ራሷ ይህንን ሥር ከይፋዊ የመድኃኒት መዝገቧ አውጥታዋለች፤ በእርስዎ እሽግ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ግን ከፎቶ አይለይም፤ እጄ ላይ ቢሆንም በዓይን አይቼ አልፈርድም።

ስለዚህ እሽጉን ከዛሬ ጀምሮ ያስቀምጡት። ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ዩሪክ አሲድ ይለኩ፣ ሽንትዎንም ያስመርምሩ። ለሐኪምዎ ምን ሲጠጡ እንደነበር ሳይሸሽጉ ይንገሩ። አሎፑሪኖሉንም በድሮው መጠን በራስዎ አይጀምሩት፤ ካቆሙት ከቆየ ከዝቅተኛው ተነስቶ ደረጃ በደረጃ መውጣት ይሻላል፣ ያንን ሐኪሙ ይወስናል። ከዚህ በኋላ ስለ ቻይናው ቅመም መነጋገር ከፈለጉ ጥያቄው «አመመኝ ወይስ ተሻለኝ?» አይሁን፤ «ቁጥሬ ስንት ነው?» ይሁን።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። አንድ መምህራችን የቻይና መድኃኒት ለሪህ የሚሰጠው ጥቅም «ሁሉም የእምነት ነገር ነው» አሉን። አንቺ ደግሞ እዚያው ተምረሻል። እውን ማስረጃ የለም?

መልስ፦ መምህርህ ትንሽ ቸኮሉ። ማስረጃ አለ፤ የማስረጃው ጥራት ነው የሚያከራክረው።

ከላቦራቶሪው እንጀምር። ሁዋንግ ባይን ቢጫ የሚያደርገው በርበሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በሴሎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ብግነትን ሲቀንስ ታይቷል። ቱ ፉ ሊንግ ውስጥ አስቲልቢን አለ፤ ዩሪክ አሲዳቸው ሆን ተብሎ ከፍ በተደረገ አይጦች ላይ ቁጥሩን አውርዷል። «ሆን ተብሎ» ያልኩት በምክንያት ነው። አይጥ ዩሪክ አሲድን የሚሰባብር ዩሪኬዝ የሚባል ኢንዛይም አላት፤ የሰው ልጅ ይህን ኢንዛይም ካጣ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ መጀመሪያ ኢንዛይሟን በኬሚካል ያግዱና ከዚያ ነው ዕፁን የሚሰጧት። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ እንደማይሠራ ፈተና ላይ ሳትጽፈው አልቀረህም፤ እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ በሽታው ከሚነሳበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከቻይና የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ የቻይናው ቅመም ሕመሙን ከተለመዱት መድኃኒቶች ባልተናነሰ እንደሚያስታግስ፣ የጎን ጉዳቱም እንደሚያንስ ይናገራሉ። ይህንን አንብቤ በደስታ የማልዘለው ለምን መሰለህ? የታማሚው ቁጥር ትንሽ ነው፤ ጥናቱ የሚቆየው ሳምንታት ብቻ ነው፤ ታማሚውም ሐኪሙም ማን ምን እንደወሰደ ያውቃሉ። ያን የመሰለ መራራ ፍል አስመስሎ ባዶ መድኃኒት መሥራትም ቀላል አይደለም። የቅመሙ ይዘት ደግሞ ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ጥናት ስለ ሕመሙ ይነግርህ ይሆናል፤ ዩሪክ አሲዱ ከዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን አይነግርህም።

ከተክል ስለመጣ ግን አትናቀው። ኮልቺሲን ራሱ ከተክል ነው የመጣው፤ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም፣ የትራለሱ እስክንድር፣ ተክሉን ለመገጣጠሚያ ሕመም አዝዞታል። ዛሬ መድኃኒት ያሰኘው መለካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ሪህ እንደተነሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተወሰደ በድምሩ 1.8 ሚሊግራም፣ ቀድሞ ይሰጥ እንደነበረው 4.8 ሚሊግራም ያህል እንደሚሠራና ተቅማጡ እጅግ እንደሚያንስ አሳይቷል። ይህን ማወቅ የተቻለው በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ስንት እንዳለ ስለሚታወቅ ነው። ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችበት የወባ መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒንም፣ እንዲሁ ነው፤ ፍንጩን ከአንድ ጥንታዊ የቻይና ጽሑፍ አገኘችው፣ ከዚያ ግን ንጥረ ነገሩን ለይታ፣ ለክታ፣ ፈትና ነው ለዓለም ያቀረበችው። ሲ ሚያው እዚህ ደረጃ አልደረሰም። ይደርስ ይሆናል፤ ከአራቱ ውስጥ አንድ የሚረባ ነገር ቢወጣ እኔን አይገርመኝም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በሠራሁበት ሆስፒታል ከሪህ ክፍል የሚመጣው ታማሚ ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ይዞ ነበር የሚመጣው፤ አንዱ ለእኛ ለዕፀዋት ክፍል፣ ሌላው ለፌቡክሶስታት፣ እንደ አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲድን ለሚቀንስ ሌላ መድኃኒት። አሎፑሪኖል የሚፈራበት ምክንያት ነበር። ኤችኤልኤ ቢ 58፡01 የሚባለውን የዘር ምልክት የያዘ ሰው አሎፑሪኖል ሲወስድ ቆዳን የሚልጥ፣ ሊገድል የሚችል አለርጂ ሊነሳበት ይችላል። ግንኙነቱን እ.ኤ.አ. በ2005 የታይዋን ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ምልክቱም በሃን ቻይናውያን ዘንድ በርከት ይላል። ታዲያ አሎፑሪኖሉን ቢፈሩም ታማሚውን በቅጠል ብቻ አልተዉትም።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ አባቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሪሁ ከቆየባቸው የተነሳ ጆሯቸው ጫፍና ክርናቸው ላይ ነጭ ጠጣር እባጭ ወጥቷል። ኩላሊታቸው ደክሟል ተብሏል፤ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሪሁ ሲነሳ ደግሞ ኮልቺሲን ይወስዳሉ። አንድ የቻይና ሕክምና አዋቂ ፉ ዚና ሻን ፅ ጉ ያለበት ቅመም አዝዞላቸዋል። ልስጣቸው?

መልስ፦ አትስጫቸው እህቴ። ይህን ያህል ቁርጥ አድርጌ የምመልሰው ጥያቄ ብዙ አይደለም።

ፉ ዚ የአኮናይት ሥር ነው። አኮኒቲን የሚባል መርዝ አለበት፤ ልብን ከምቱ ያስታል። ቻይናውያን መርዙን ለማብረድ አስቀድመው ያዘጋጁታል፣ ከሌሎቹም ዕፀዋት ለብቻው ቀድሞ ረጅም ሰዓት እንዲፈላ ያዛሉ። እንደዚያም ሆኖ ቻይናና ሆንግ ኮንግ ውስጥ በእሱ የተመረዘ ሰው ሆስፒታል መግባቱ አልቀረም። የማፍላቱ ጊዜ ትንሽ ካጠረ አባትሽ ናቸው የሚጎዱት።

ሻን ፅ ጉ ደግሞ አንድ ተክል ብቻ አይደለም። በዚህ ስም ከሚሸጡት አንዱ፣ ከዩናን ግዛት ከሊጂያንግ የሚመጣው፣ ውስጡ ኮልቺሲን አለው። አባትሽ ኮልቺሲን በፍሬ እየዋጡ ነው፤ በዚያ ላይ ስንት እንደሆነ የማይታወቅ ኮልቺሲን በፍል ሊጨመርባቸው ነው። በደከመ ኩላሊት ኮልቺሲን ይጠራቀማል፤ ሲበዛ የአጥንት መቅኔን፣ ጡንቻንና ልብን ይጎዳል፣ ማርከሻም የለውም። ቅመሙን ከጀመሩት ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ፤ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የጡንቻ ድካም ካየሽ ግን የእኔን መልስ አትጠብቂ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

እባጩ ራሱ የተከማቸ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ነው። እንዲህ ያለ እባጭ ላለበት ሰው ብዙ ሐኪሞች ቁጥሩን ከ5 በታች ማውረድ ይመርጣሉ፤ ቶሎ ይሟሟል። ኩላሊት ደክሟል ማለት አሎፑሪኖል ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ ከ100 ሚሊግራም ባነሰ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱንም ጠይቂላቸው፤ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። ሎሳርታን የሚባለው የግፊት መድኃኒት በተቃራኒው ትንሽ ያወርደዋል። ለአባትሽ ይስማማ እንደሆነ የሚያውቀው ግፊታቸውንና ፖታሲየማቸውን የሚከታተለው ሐኪም ነው። ለሪሁ አዲስ መድኃኒት ከመፈለግ የግፊቱን መለወጥ የሚቀልበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። የእጄ አንጓና ጉልበቴ እያበጠ ሲያስቸግረኝ «ሪህ ነው» ተባልኩ። በኢንተርኔት «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ የቻይና ጥንታዊ ቅመም» የሚል ካፕሱል ገዝቼ ብወስድ በማግስቱ ሕመሙ ድራሹ ጠፋ። ሦስተኛ ካርቶን ላይ ነኝ። ፊቴ ግን እያበጠ መጥቷል። ይስማማኛል ማለት ነው?

መልስ፦ አይስማማዎትም። በማግስቱ ድራሹን የሚያጠፋ ዕፅ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዕፁን አይደለም፤ በዕፁ ውስጥ የተደበቀውን ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ሐኪሞች የቻይና የመገጣጠሚያ ክኒን ወስደው የነጭ ደም ሴላቸው የወደቀ ታማሚዎችን ዘግበዋል፤ ክኒኑ ውስጥ የተገኙት አሚኖፓይሪንና ፌኒልቡታዞን የሚባሉ የፋብሪካ መድኃኒቶች ነበሩ። ዛሬ በብዛት የሚደበቀው ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም ስቴሮይድ፣ እንዲሁም ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። የፊትዎ ማበጥ ስቴሮይድ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁመኛል። ይህ ከሆነ ስኳርዎንና ግፊትዎንም ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ሪህ መሆኑን ማን አረጋገጠ? የወር አበባ ሳይቋረጥ ሴት ላይ ሪህ እምብዛም አይታይም፤ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወጣ ያግዛል። በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ ካበጠ እኔ መጀመሪያ የማስበው ሩማቶይድን፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበትን ሌላ በሽታ፣ ነው። እርግጡን የሚነግርዎ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ተቀድቶ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ፈሳሽ ነው፤ ክሪስታሉ ካለ እዚያ ላይ ይታያል። ደም ብቻ አይበቃም፤ ሪህ በተነሳ ሰሞን ዩሪክ አሲዱ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ካፕሱሉን ግን በድንገት አያቁሙ። ሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ በአንዴ ሲቋረጥ ሰውነት የራሱን ማምረት ረስቶ ይቆይና ሰውን ይጥላል፤ በሐኪም ቁጥጥር ነው የሚቀነሰው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስለማይታመን ባዶ ካርቶን ይዘው አይሂዱ፤ የተረፉትን ካፕሱሎች ከነማሸጊያቸው ይውሰዱ፣ ላቦራቶሪ የሚመረምረው እነሱን ነው።